ክኒን ቀማሿ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስልክህን አታነሳም። ቤትህ ስመጣ ባለቤትህ «ስብሰባ ላይ ነው» ትለኛለች፤ ጫማህ ግን በር ላይ ተቀምጧል። ጤንነትህን አልጠይቅህም፤ ትናንት ከመኪናህ ስትወርድ ደህና መሆንህን አይቻለሁ። አንተም አይተኸኛል።

ባሌ አንተ በምታዝበት ፖሊስ ጣቢያ ከታሰረ ወዲህ የበራችሁን ሥርዓት ተምሬአለሁ። የሚገባውን ነገር ሁሉ ያመጣው ሰው ይቀምሰዋል። ይሁን፣ ምግብ ይቀመስ። ባለፈው ሰኞ ግን የስኳር በሽታ ክኒኑን ይዤ ብሄድ፣ ታሳሪዎቹ «አቶ መመሪያ» የሚሉት ጠባቂህ እሱንም ቅመሺ አለኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ መድኃኒት ነው። እኔ ስኳር የለብኝም።»

«ከሌለብሽ ምን ያስፈራሻል? ዋጪው!»

ዋጥኩት። ከጠዋት ጀምሮ እህል ባፌ አልዞረም ነበር። የያዝኩት ሁሉ እስኪፈተሽ ፀሐይ ላይ ስጠብቅ ላብ አጠመቀኝ፣ ዘጭ አልኩ። ከኋላዬ የነበሩ እናት ስኳር አፌ ውስጥ ባይጨምሩልኝ ይሄን የሚጽፍልህ አልነበረም። አቶ መመሪያህ ምን አለ መሰለህ? «አላልኩም? መርዝ ነው!» ክኒኑን ወረሰው። ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ባሳየው፣ «ወረቀቱ አልወደቀም፤ የወደቅሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ከዚያ ወዲህ ባሌ ያለ መድኃኒት ነው። ትናንት በፍርግርጉ ሳየው ከንፈሩ ደርቋል፣ ውሃ ውሃ ይላል። ሽንት ቤት የምታወጧቸው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ምን እንደሚሆን አስበው። የሚተኙት በጎን ነው፤ አንዱ ሲገላበጥ ክፍሉ ሁሉ አብሮ ይገላበጣል። እሱ ደግሞ «ተይው፣ ወንድምሽን አታስቸግሪው» ይለኛል። ከሁሉም ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ጥፋቱስ? የተሰረቀ ጄኔሬተር ጠግነሃል ተባለ። ጠጋኝ የሚጠግነውን ዕቃ ዘር ማንዘር ይጠይቃል እንዴ? ይሁን፣ እሱን ዳኛው ይየው፤ ፍታልኝ አላልኩህም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። እናንተ ግን ነገሩ ገና ሳይሰማ ሰውየውን በአያያዝ ቀደዳችሁት።

መልስህን አውቀዋለሁ። ባሌ የታሰረ ቀን የጣቢያው ደረጃ ላይ «ለዘመዱ አደላ እንዲሉኝ ነው?» ብለኸኛል። መቼ አድላ አልኩህ? ለሁሉም አድርገው! መድኃኒት ሐኪም ይየው እንጂ ጠባቂ አያስቀምስ። ከባሌ ጎን ለተኙት የደም ግፊት ላለባቸው ሽማግሌም፣ ስሙን ለማላውቀው፣ ሰረቀ ለሚሉት ልጅም ይሁን። ለሁሉ የተደረገ ነገር አድልዎ አይባልም፤ ሥራ ነው የሚባለው።

ተናድጄብህም ትናፍቀኛለህ። በልጅነቴ ትኩሳት ሲይዘኝ መራራውን ሽሮፕ ቀድመህ ቀምሰህ፣ ፊትህን ሳታኮማትር «አይመርም» እያልክ የምታታልለኝ አንተ ነበርክ። ያ ሰው የት ሄደ?

ነገ ጠዋት ሌላ ክኒን ይዤ እመጣለሁ። ዋጪ ካሉኝ እውጣለሁ። ባለፈው ስወድቅ «የሚጠራልሽ ዘመድ አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ላንተ ስል «የለኝም» አልኩ። ነገ ከጠየቁኝ ግን «አለኝ፤ አዛዣችሁ ነው፣ እዚሁ ፎቅ ላይ ነው፣ ጥሩልኝ» እላለሁ።

ታናሽ እህትህ