ባሕር ማዶ የከረመው ቁልፍ

ታኅሣሥ ፲፭ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.
ላሊበላ

ለክቡር አቶ ጋሻዬ፣ የአጥቢያችን የጤና መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፤

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ድድዎና መንጋጋዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከባሕር ማዶ ይዘዋቸው የገቡት ሃያ ጥርሶች የላስታን ውርጭ ለመዱልዎት? እኔ በቸርነቱ አለሁ፤ በሰባ ሁለት ዓመቴ የገብስ ቆሎ እቆረጥማለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁት የክቡርነትዎም ጉዞ በአደባባይ የተነገረ ስለ ሆነ ነው። ከቱርክ አገር በተመለሱ ሰሞን፣ ሐምሌ ላይ በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ፣ በፎቶግራፍ አስደግፈው እንዳስረዱን፣ በዚያ አገር ጥርስ ማሳከም ከአዲስ አበባ ይልቅ ይቀላል፤ ጧት ሐኪሙ ዘንድ ይዋላል፣ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር ይታረፋል፤ ሕክምናው ዋናው፣ ዕረፍቱ ምርቃቱ ነው። እኛም አቅማችን እንደ ፈቀደ ይህንኑ እንድናደርግ መከሩን። በአዳራሹ ከተቀመጥነው መካከል ከወልድያ አልፎ የሚያውቅ ስንት ሰው እንዳለ ባይጠይቁም፣ ምክሩ ከቅን ልብ የመነጨ ነበርና ተቀብለነዋል። ስለዚህም ስለ ሌላውም ያለብኝን ምስጋና በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ወንበሩ። አገር ጎብኚዎች ለዚህ ሕዝብ ብለው የላኩት የጥርስ ሕክምና ወንበር፣ ከነመሣሪያው በማኅበሩ ክፍል ከተቀመጠ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ላስቲኩ እስከ ዛሬ አልተገለጠም። ንጉሥ የሚቀመጥበት ዙፋን እንኳ እንዲህ ሆኖ አልተጠበቀም፤ ስለ ጥበቃዎ እጅ እንነሣለን።

፪ኛ፤ ስለ ቁልፉ። የዚያ ክፍል ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከቤትዎና ከመኪናዎ ቁልፍ ጋር በክቡርነትዎ መያዣ ላይ ተሰክቷል። ሰኔ ላይ እርስዎ ሲሄዱ አብሮዎት ሄደ። በሄዱ በአራተኛው ቀን አንድ የጥርስ ሐኪም በበጎ ፈቃዱ ዐሥር ቀን ሊያገለግለን ከተማችን ገባ፤ ወንበርና መሣሪያ እንዳለን ሰምቶ ነበርና የመጣው እጁን ብቻ ይዞ ነው።

በዚያው ሰሞን ባልንጀራዬ የዜማ መምህሩ መሪጌታ ተክለ ሚካኤል፣ ዝናብ ባራሰው የዓለት ደረጃ ላይ ተንሸራተው አራቱን የላይ ፊት ጥርሶቻቸውን መትተው ነበር። ሐኪሙ በእጅ ባትሪ አይቶ፣ ሥራቸው እንዳልሞተና መሣሪያው ከተገኘ አራቱም እንደሚድኑ ነገረን። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ ይማርሽ በስልክ አግኝታዎት በሩን ሰብረን እንግባ ወይ ብላ ጠየቀችዎ። ድምፁን ከፍ አድርጋው ነበርና መልስዎን ሁላችንም ሰማን፤ «የማኅበር ንብረት አይሰበርም። ስመጣ እከፍታለሁ። ጥርስ ገድሎ አያውቅም።» ከቃልዎ በስተኋላ የማዕበል ድምፅ ይመጣ ነበር። በዕድሜዬ የባሕር ድምፅ ሰምቼ ስለማላውቅ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ሐኪሙ ዐሥሩን ቀን ድድ በመዳበስ ጨርሶ ሄደ። ቁልፉም በበኩሉ ዕረፍቱን ጨርሶ ተመለሰ፤ ከላስታ ቁልፎች ሁሉ ባሕር ለማየት የበቃ እርሱ ብቻ ነው።

፫ኛ፤ ስለ ዕረፍቱ። ምክርዎ ገና ሳይደርሰን ልባችን ቀድሞት፣ እኛም ሕክምናን ከዕረፍት ጋር አጣምረናል። የመሪጌታ ፊት አብጦ አንድ ዓይናቸው ሲከደን፣ እኔና እኅታቸው ወይዘሮ አልጣሽ ይዘናቸው ወደ ወልድያ ተነሣን። መንገዱ ተዘግቶ ነበርና ኩልመስክ ላይ ሦስት ቀን ዐረፍን። እንደኛው መንገድ ጠብቃ የቆመች ዘሀራ የምትባል ነጋዴ ከዕቃዋ ቅርንፉድ ፈትታ ሰጠቻቸውና፣ «አባባ፣ ይችን ይያዙባት፤ አላህ ያሽርዎ» አለቻቸው። ከማኅበራችን ያላገኘነውን መድኃኒት ከማናውቃት እናት አገኘን። ወይዘሮ አልጣሽ በበኩላቸው እግራቸውን ከጭቃው እየነቀሉ፣ «ቁልፉ ባሕር ዳር፣ እኛ ጭቃ ዳር» ቢሉ፣ መሪጌታ በዚያ ፊታቸው ሳቁ። በገዛ ጥርሳቸው የሳቁት የመጨረሻው ሳቅ ያ ነው።

ወልድያ ያገኘነው ሐኪም የሚችለውን አደረገ፣ ፈጣሪ ይስጠው። መግሉ ወደ አጥንት ወርዶ ነበርና አራቱንም ነቀላቸው፤ መሪጌታንም በሕይወት መለሳቸው። ጥርስ ገድሎ አያውቅም ያሉት በዚህ ተረጋገጠ።

፬ኛ፤ ስለ ዜማው። እዚህ ላይ ብዕሬ ይከብደኛል። ክቡርነትዎ በልጅነትዎ የዜማ ቤት ደጃፍ ረግጠዋልና እንደሚያውቁት፣ ዜማ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ትምህርት ነው፤ መምህሩ ይላል፣ ደቀ መዝሙሩም እንደ ተባለው ይላል። ደቀ መዝሙር የሚመሰገነው የተቀበለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ በመመለሱ ነው። የፊት ጥርስ ያጣ አፍ ግን ሰን ሸ ያደርጋታል፤ ግእዝ ደግሞ ሸ የምትባል ፊደል የለችውም። መሪጌታ በውስጣቸው የሚሰሙት ሃምሳ ዓመት የኖሩበትን ሰ ነው፤ ከአፋቸው የሚወጣውን ራሳቸው አይሰሙትም፤ ልጆቹ ሲመልሱላቸውም ጆሯቸው ያንኑ ሰ ይሰማል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ኅዳር ሃያ ሁለት ደቀ መዛሙርት «ስብሐት» የሚለውን «ሽብሐት» እያሉ በትጋት አጠኑ።

እኔ በዚያ ስመላለስ ሰምቻለሁ። የባልንጀራዬን ክብር የጠበቅሁ መስሎኝ ዝም አልሁ። ይህኛውን በደል ከክቡርነትዎ ጋር አልካፈለውም፤ የብቻዬ ነው።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ክቡርነትዎ በቤትዎ ዝክር አዘጋጅተው ደቀ መዛሙርቱን ከነመምህራቸው ጠሩ። ልጆቹ ቆመው አዜሙ፤ ሃያ ሁለቱም በአንድ ድምፅ፣ አንድ እንኳ ሳይሳሳት፣ «ሽብሐት» አሉ። እርስዎ ሳቁ፤ አዲሶቹ ጥርሶችዎ እስከ ዳር ታዩ። ቀጥለውም፣ «እነዚህ ልጆች ጥርስ እያላቸው ምን ሆነው ነው?» ብለው ጠየቁ።

ከፊት የቆመው ደቀ መዝሙር አቀርቅሮ፣ በፍጹም ትሕትና መለሰልዎ፤ «የኔታ እንዲህ ነው የሰጡን።»

መሪጌታ ተክለ ሚካኤል መዳፋቸውን በአፋቸው ላይ አደረጉ። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ አያውቁም ነበር። ሳህኑን ሳይነኩ ተነሥተው ወጡ፤ እርስዎ የጠገቡ መስሎዎት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጉባኤያቸውን አልዘረጉም። ልጆቹ ጧት ጧት መጥተው ከደጃቸው ይቆማሉ፤ እርሳቸውም አንደበታቸውን ሳይከፍቱ በእጃቸው ምልክት ይመልሷቸዋል። ሰባቱ ሌላ መምህር ፍለጋ በፍላቂት በኩል ተሻግረዋል፤ በሄዱበት አፋቸውን ሲከፍቱ የሚገጥማቸውን ሳቅ ክቡርነትዎ ይገምቱታል። የቀሩት ዐሥራ አምስቱ፣ የተቀበሉትን እንዴት እንደሚጥሉ የሚያስተምራቸው የለም፤ እንደዚያ ያለ ትምህርት ከእኛ ዘንድ ኖሮ አያውቅምና።

ያ በጎ ፈቃደኛ ሐኪም ከጥምቀት በኋላ ተመልሶ ለመሪጌታ ጥርስ ለክቶ ሊሠራላቸው ቃል ሰጥቷል፤ ወንበሩና መሣሪያው እንዲከፈትለት ብቻ ይጠይቃል። ክቡርነትዎም በጥር ለሁለተኛው ዙር ሕክምናና ዕረፍት ወደ ባሕሩ እንደሚመለሱ ሰምተናል። መንገድዎ የተቃና፣ ማዕበሉም የረጋ ይሁን። ልመናዬ አንዲት ናት፤ ቁልፉ ይቅር። እርሱ ዐርፏል።

ዘወትር በደጅዎ የሚያልፍ፣ ደጅዎንም ሲያልፍ የማኅበሩን ዝግ በር ሳይሳለም የማይሄድ፣ የክቡርነትዎ ታዛዥ፣

መምህር ላእከ ማርያም
የመጻሕፍት መምህር

በኅዳግ የተጨመረ፤ አባቶቻችን «ጥርስ ባዳ ነው» ያሉት፣ ልብ ሲያዝን እርሱ ስለሚስቅ ነው። የእርስዎ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ የመጣ እውነተኛ ባዳ ስለ ሆነ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ስለ ሳቀው ሳቅ አልወቅሰውም፤ እንግዳ የሰውን አገር ኀዘን ከየት ያውቃል። እኔ የጻፍሁት ለልብዎ ነው፤ እርሱ የላስታ ተወላጅ መስሎኝ። ተሳስቼ እንደ ሆነ በጥር ከቁልፉ እረዳለሁ።