በገበያ የተጠራው ዝርዝር

ሆሳዕና፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለምሕረት፣
ጄኔቭ

ሰላምሽ ይብዛ። እኔም እናትሽም በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን፤ ቢያንስ እስከ ዛሬ። ለመስቀል የቆረጥሽውን ትኬት ግን እባክሽ አራዝሚው።

ከጃጁራ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ አንድ አዛውንት ትኩሳትና መድማት ባለው ሕመም አረፉ። ናሙናው አዲስ አበባ ሄዷል፤ ውጤቱ አልመጣም። የወረርሽኝ ግብረ ኃይሉን የምመራው እኔ በመሆኔ፣ ከሟቹ ጋር ንክኪ የነበራቸው አሥራ ስምንት ሰዎች ለሃያ አንድ ቀን ከቤታቸው እንዳይወጡ አዘዝሁ። ብዙዎቹ ስልክ የላቸውም። ስለዚህ ዝርዝሩን ለእድሩ ጥሩምባ ነፊ ለአቶ ሽብሩ ሰጠሁት፤ ሞት የሚያስታውቅ ሰው ይህን ቢያስታውቅ ምን ክፋት አለው ብዬ። እሱም በገበያ ቀን፣ እንደ ልማዱ ጥሩምባውን ነፍቶ፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራ። በሕይወት ያሉ ሰዎች ስም እንደ ሙታን ተለፈፈ።

ቅቤያቸውን የሚገዛ ጠፋ። ዘጠኙ ከቀበሌው ሸሹ። አንዷ ትርፊት ናት፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ስትሆን ትኩሳት ጀምሯታል ይባላል። ባሏን ጠናን አግኝቼ የት እንዳለች ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ጥሩምባ የተነፋላት ሴት የት ትኖራለች?» አለኝ። «እርስዎስ? የሟቹን ቃሬዛ አብረን አልተሸከምንም? ስምዎ ሲጠራ አልሰማሁም።»

ልጄ፣ አንቺ እዚያ በወረርሽኝ ስምምነቱ ድርድር ላይ የታማሚ ምስጢርና ክብር ይጠበቅ የሚለውን አንቀጽ ይዘሽ ከመንግሥታት ጋር ስትሟገቺ፣ አባትሽ እዚህ ይህን ሠራ። በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ አሥራ ዘጠነኛው እኔ ነበርሁ። በገዛ እጄ ሰረዝሁት። ሥራውን ማን ይመራዋል ብዬ ራሴን አሳመንሁ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

ትናንት ጠና መልእክቷን አመጣ፦ «እሳቸው ለይቶ ማቆያ ከገቡ እኔም እገባለሁ። ካልገቡ እዚያው ጫካ እወልዳለሁ።»

ሥራውን ለምክትሌ ለፈትሁዲን አስረከብሁ። «አቶ ሳህሉ፣ ሕዝቡ ምን ይላል?» ቢለኝ፣ «ያለውን ይበል፤ አንተ ብቻ ስም አታስጠራ» አልሁት። ዛሬ ጧት ለይቶ ማቆያው ገባሁ። ይህንም የምጽፍልሽ ከዚያው ሆኜ ነው፤ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ቀጣዩ ክፍል ለትርፊት ተዘጋጅቷል፤ እስከ ቀትር ባዶ ነበር፤ ዓይኔ ከመንገዱ ላይ አልተነቀለም።

አሁን በዝናቡ መጥታለች። ነርሷ ስሟን ስትጠይቃት በግድግዳው በኩል ሰማሁ፦

«ጻፊው እንጂ አትጥሪው።»

ስለ እኔ አትጨነቂ ብዬ አልዋሽሽም፤ ስትጸልዪ ግን እሷን አስቀድሚ። እመቤታችን በጥላዋ ትከልልሽ፤ የያዝሽውንም አንቀጽ አትልቀቂ።

አባትሽ ሳህሉ