በወደብ ላይ ሽኝት የለም

ታኅሣሥ 3 ቀን 1926፤ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ቅቤ ገዝቼ ተመለስኩ። ጾም ነው፤ ለገና ይቀመጣል። ጎመን ቀነጠስኩ። ሁለት ጊዜ ቀነጠስኩት መሰለኝ፣ ግንድ ግንዱ ብቻ ቀረ። ይሁን። ለአንድ ሰው ይበቃል።

ደብተሬ፣ ዛሬ ወሬ አለኝ። የጋዜጣው አዘጋጅ ከአ.አ. ደብዳቤ ልኳል። ደብዳቤ የሚያመላልሰው ባለ በቅሎ በር ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ስሜን አስደገመኝ፤ ጆሮው እየከበደ ነው። ደብዳቤው ወንዝ ሲሻገር ርሶ ግማሹ ቀለም ፈሷል። የተነበበው ይህን ይላል። ስለ ሶዶ ሠርግና ገበያ የምጽፈውን ሰው ወዶታል። አሁን ግን ለኢየሩሳሌም የሚነሣው ስለበዛ፣ መርከቡ ወደብ ሲቆም ያለ መሪ ብቻውን ወርዶ ከተማውን ማየት ለሚሻ ሰው ምክር ጻፊ። አንቺ አይተሽዋል ይላል።

አይቼዋለሁ።

ጋዜጣው ጅቡቲም፣ ፖርት ሳይድም፣ ኢየሩሳሌም ገዳምም ይደርሳል ብሎ ጨምሯል። ሊያባብለኝ ነው።

እሺ እለዋለሁ። እምቢ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል።


ታኅ. 5፤ ሐሙስ፣ 9 ሰዓት

ጀመርኩት። ደብተሬ፣ አንተ ቀድመህ አንብበው፦

«ውድ አንባቢ፣ ከመርከብ እንደወረድክ መጀመሪያ ዞር በልና መርከብህን እይ። የተጻፈበትን ማንበብ ካቃተህ የጢስ ማውጫውን ቀለም ያዝ። መርከብ በወደብ ላይ እንደ ገበያ በግ ይመሳሰላል። የመነሻውን ሰዓት ስትጠይቅ ፀሐይ የት ስትደርስ እንደሆነ በጣታቸው ያሳዩህ፤ የእነሱ አራት የእኛ አሥር ነው። ባሕሩን በቀኝህ ይዘህ ሂድ፣ በግራህ ይዘህ ተመለስ፣ አትጠፋም። ‹ሐበሻ፣ ሐበሻ› እያለ ክንድህን የሚይዝህን ሰው ፈገግ በልለትና እለፈው። ውሃህን ከመርከቡ ቀድተህ፣ በሶህን በጨርቅ ቋጥረህ ውረድ። የይለፍ ወረቀትህን ለማንም አትስጥ፤ ለሚስትህም ቢሆን።»

ጥሩ ነው። የበጉን ነገር አንባቢ ይወደዋል። እኔ አልሳቅኩም።

እትዬ ወርቄ መጡ፣ ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤቴ። ባላቸው አቶ ሰብስቤ አቡጀዲ ነጋዴ ናቸው። ባልና ሚስት ከጥምቀት በፊት ለኢየሩሳሌም ይነሣሉ። እትዬ ወርቄ ሦስት ቀሚስ አሰፍተዋል፤ አንዱ ለባሕር ብቻ ነው አሉኝ። ባሕር ላይ ያለ ሰው አንገቱን ደፍቶ እንደሚያስመልስ፣ ቀሚስ የሚያይ እንደሌለ አልነገርኳቸውም። በየወደቡ ልወርድ ነው ይላሉ። «ያን ሁሉ ከፍዬ የመርከብ ጣውላ ሳይ ልመለስ?» ረቂቁን አነበብኩላቸው። ስለ ወረቀቱ ስደርስ ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አልጠየቁም። በዚህ ከተማ ስለ ባለቤቴ የሚጠይቀኝ የለም። ሰው ደግ ነው።


ታኅ. 9፤ ሰኞ

የባለቤቴ ወንድም ታደሰ ከቦዲቲ መጣ። በቅሎው አንክሳለች። ስለ በቅሎዋ አወራ። ስለ ጤፉ አወራ። ስለ ዳኛው አዲስ ባርኔጣም አወራ፤ ከአህያ ጭነት ይሰፋል አሉ። ከዚያ ጠላውን አስቀመጠ።

ወንድሜ ከጠፋ ስምንት ወር ሞላ አለ። ለኢየሩሳሌም ገዳም ለተጻፈው መልስ አላየንም። ከጅቡቲ የመጣ ነጋዴ ሁሉ ተጠይቋል። እናቱ ዐይናቸው እየደከመ ነው፤ ሳያለቅሱለት እንዳይሞቱ። ስለዚህ እርሙን እናውጣ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰኞ ቦዲቲ ድንኳን ይጣላል። መርዶው በእኔ ፊት ይነገራል።

እንደ ፈቀድክ አልኩት።

ነጠላዬን ጥቁር የሚነክር ሰው እንድፈልግ ነገረኝ። እሺ አልኩ። ሲወጣ የበቅሎዋን እግር አየሁለት። ሙቅ ውሃና ጨው አልኩት። ገብቼ ተቀመጥኩ። ጠላው ላይ ዝንብ ወድቃለች። ለብዙ ጊዜ አየኋት።

አላለቀስኩም። መዝግብልኝ።


ታኅ. 12፤ ሐሙስ፣ ከገበያ መልስ

ቅቤ ሻጯ የዳና እናት ከበዴሳ በኩል ነው የምትመጣው፤ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ። የወላይታ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፣ እኔን አንተ ትለኛለች። ከሁሉም ሰው እሷ ብቻ ትጠይቀኛለች። ስምንት ወር ሙሉ፣ በየገበያው፣ ቅቤውን ሳታወርድ፦ «ባልህ መጣ?» አልመጣም እላታለሁ። «ይመጣል» ትልና ወደ ሚዛኑ።

ዛሬም ጠየቀችኝ። ከጥምቀት በኋላ ለቅሶ ነው አልኳት። ኮባውን መፍታት ተወች።

«ሲሞት ማነው ያየ?»

ማንም።

«ታዲያ ምን ታለቅሳለህ?»

ከዚያ የማላውቀውን ነገረችኝ። በዴሳም ገበያ፣ ተበላም ገበያ፣ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ባየች ቁጥር ትጠይቃለች። ረጅም ሰው፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ የሶዶ ኬላ ጸሐፊ፣ አላያችሁም? ነጋዴዎቹ ስሙ ማነው ይሏታል። አላውቅም ትላለች። ይስቁባታል።

«ስሙ ማነው?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ደብተሬ፣ እውነቴን ነው፣ ከፈትኩ። የቤቱ ጌታ ነው አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። «ቤት ሁሉ ጌታ አለው።»

ቅቤውን ጨምራ መዘነችልኝ። ከምስሩ ጋር እዚያው ገበያ ረስቼው መጣሁ። ሊወስደው የሚችል አለ። ልመለስ አላልኩም።


ታኅ. 15፤ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ዛሬ ልጻፈው። ለጋዜጣው አይደለም፤ ለአንተ።

ከኢየሩሳሌም መልስ ነበርን። ከያፋ የተሳፈርንበት መርከብ ፖርት ሳይድ ለግማሽ ቀን ቆመ፣ ከሰል ሊጭን። እዚያ መርከብ የሚታሰረው ከመንገዱ ዳር ነው፤ ላይ ሆኖ የሰው ፊት ይለያል። እሱ ወረደ፣ ብቻውን። እኔ እግሬ አብጦ ቀረሁ። የይለፍ ወረቀቱ የሁለታችንም በእኔ ቋጠሮ ነበር፤ ሌባ አለ ተብሎ።

የመርከቡ ጡሩምባ አንድ ጊዜ ሲነፋ መጣ። አየሁት። ከአንድ የጎጃም መነኩሴ ጋር ነው፤ ከተማ ውስጥ የተዋወቁ። መሰላሉ ሥር ቆሙ፣ ተሳሳሙ። መነኩሴው ሄዱ። የእኛ ሰው ታዲያ መነኩሴ ብቻቸውን ሲሄዱ ቆሞ ያያል? ተከተላቸው። ጥቂት ሸኝቶ ተመለሰ። እሳቸው ደግሞ በተራቸው ሊሸኙት አብረው ተመለሱ። እንደገና ተሳሳሙ። እንደገና ሸኛቸው። እዚህ ሶዶ ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ እኔና እትዬ ወርቄ በዚያች አጥር ስንሸኛኝ ወጥ ያርብናል። ማንም አይቀየምም። ወጥ እንደገና ይሠራል።

ሁለተኛ ጡሩምባ ተነፋ። ጀርባውን ሰጥቶ እየሄደ ነው። ሩቅ አልነበረም። ከዚህ እስከ እትዬ ወርቄ ጓሮ ቢሆን ነው። ብረቱን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ዙሪያዬ የሰው መዓት፣ ከአገር የመጡ ካህናትም አሉ።

ስሙን መጥራት ነበረብኝ።

ዐሥራ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር አንድ ቀን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ቤት ውስጥ አንተ፣ ሰው ፊት አንቱ። እናቴም አባቴን በስም አልጠራችም፤ የባሏን ስም የምትጠራ ሴት ዓይነ ደረቅ ትባል ነበር። ልጅ ያላት እንኳ የእገሌ አባት ትላለች። እኔ እሱም የለኝም።

«አንቱ» አልኩ። «አንቱ፣ አንቱ።» መንገዱ ላይ ስንት አንቱ አለ። ሁለት ሽማግሌዎች ዞሩ። እሱ አልዞረም።

መሰላሉ ተነሣ። የዞረው ያን ጊዜ ነው፤ እጁን አነሣ፣ እንደ ሸኚ። ምን እንደሆነ ገና አልገባውም ነበር።

ጅቡቲ ሦስት መርከብ ጠበቅሁ። ስንቄ አለቀ፤ ከነጋዴ ጋር ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነኝ። እጄን እሳት ቢነካው ቆይቶ ነው የሚሰማኝ።

ለታደሰ መርከቡ ከሰዓቱ ቀድሞ ተነሣ ብዬዋለሁ። ውሸት ነው።


ታኅ. 17፤ ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት

ለእትዬ ወርቄ ነገርኳቸው። ሁሉንም። በአጥሩ ላይ ተደግፈው ሰሙኝ። ሳበቃ አለቀሱ፤ እኔ ነጠላቸውን አቀበልኳቸው።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፦ አቶ ሰብስቤን በስማቸው ይጥሩልኝ። አሁን፣ እዚሁ። ደነገጡ። «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ፣ ጎረቤት ይሰማል።» የአልማዝ አባት ቢሏቸው አይበቃም ወይ አሉ። ፖርት ሳይድ ስንት የአልማዝ አባት አለ አልኳቸው። ካልጠሩ ከመርከብ እንዳይወርዱ፤ ወይ ሁለታችሁም ውረዱ ወይ ሁለታችሁም ቅሩ አልኳቸው።

ጓሮ ወጣን። የአባያ ሐይቅ ከታች እንደ ቆርቆሮ ያበራል። አቶ ሰብስቤ ከእንሰቱ ማዶ ጎንበስ ብለው አጥር ያስራሉ። እትዬ ወርቄ መጀመሪያ በነጠላቸው ውስጥ አሉት። ከዚያ ሳል አስመስለው። በሦስተኛው ግን ዐይናቸውን ጨፍነው «ሰብስቤ» አሉ፤ ዳሞት ተራራ የሰማው ይመስለኛል። ሰውዬው ማጭዱን ጥለው እየሮጡ መጡ። «ቤት ተቃጠለ? ልጅቱ ምን ሆነች?» ምንም አልሆነም፣ እየተለማመድን ነው አሉ ሚስታቸው። ሰውዬው ሚስታቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ። «ደግሞ እንዲህ ያለ ድምፅ ነበረሽ?» ብለው ተመለሱ፤ አንገታቸው ግን ሦስት ጊዜ ዞሯል።

ነገ ከተማው ሁሉ ያወራዋል። ያውራ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ቆምኩ። ተራው የእኔ ነበር። ከንፈሬ ተነቃነቀ። ድምፅ የለም። ብርድ ሲሆን ገባሁ።


ታኅ. 18፤ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ባለ በቅሎው ዛሬ ይነሣል። በቦዲቲ ያልፋል። ሁለት ወረቀት ይይዝልኛል።

አንደኛው ለታደሰ። ድንኳኑን አትጣል። መርከቡ ቀድሞ አልተነሣም፤ እኔ ነኝ ያልጠራሁት። ሞቶም ከሆነ ተጠርቶ ይሙት። እናትህን በጥምቀት ማግሥት ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ፤ የፈለጉትን ይበሉኝ። ነጠላዬ ነጭ እንደሆነች ትቆያለች።

ሁለተኛው ለአዘጋጁ። በጉንም ሰዓቱንም እንዳሉ ተውኳቸው፤ መጨረሻውን ብቻ ለወጥኩ፦

«በወደብ ላይ ሽኝት የለም። የአገርህን ሰው ብታገኝ መሰላሉ ሥር ተሳሳሙ፣ እዚያው ተለያዩ፤ ዞረህም አትይ። እመቤቴ ሆይ፣ ባልሽ ሲርቅ ካየሽ በስሙ ጥሪው። ጮክ ብለሽ። ዓይነ ደረቅ ቢሉሽ ባልሽ አጠገብሽ ቆሞ ይስማው። ይህን ጋዜጣ በጅቡቲ፣ በስዌዝ፣ በፖርት ሳይድ የምታነቡ ወገኖቼም ለእኔ አንድ ሰው ጥሩልኝ። ረጅም ነው፤ በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ የሶዶ ኬላ ጸሐፊ ነበር።»

ከዚያ ስሙን ጻፍኩ። እጄ ጻፈው፤ እኔ ቆሜ አየሁት። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልኩበት። ለዳና እናትም በቁራጭ ወረቀት ጻፍኩ፤ ከዚያ ማንበብ እንደማትችል ትዝ አለኝ። ሐሙስ ገበያ ሄጄ በአፌ እነግራታለሁ።

ባለ በቅሎው ከበር ቆሟል። ምን እንደሆነ ሳይነገረው አደራ አይቀበልም፤ የዱሮ ሰው ነው። ደጅ ወጥቼ አነበብኩለት። እስከ ጠባሳው ድረስ በደህና ደረስኩ።

«አስፋው» አልኩ።

«ማን አልሽ?» አለ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ።

ደግሜ ጠራሁት።