የማማው ጥላና የኮትህ ቁልፍ

ናዝሬት፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፳፬ ዓ.ም.። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ አቧራ የሚያነሳ። ጠዋት ከባቡር ጣቢያው የውሃ ማማ ሥር የነበርነው እኔ፣ ጎረቤታችን ቶሎሳና ልጁ ጫልቱ።

የማልረሳህ በላቸው፣

በሞት ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አጥራችንን ክረምቱ ጥሎት እንደገና አሳጠርኩት። የጓዳውን በር በከሰል አጥቁሬ የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ስሌት አስተምርበታለሁ። የማማው ሥራህን ቶሎሳ ይዞታል።

ስኳር ተጠቅልሎበት የመጣው የፈረንሳይ ጋዜጣ ቁራጭ ትዝ ይልሃል? በትልቅ መነጽር ሰማይ የምታይ ሴት ሥዕል ነበረበት። የከዋክብትን ርቀት የምታሰላ ናት ብለህ አነበብክልኝ፤ ስሟ ከተቀደደው ጋር ቀርቷል። ያን ዕለት በኮትህ ቁልፍ ጨረቃን ጋረድክልኝ። ቁልፉ ከዓይኔ በስፋቱ ስንት እጥፍ እንደራቀ ካወቅሁ፣ ጨረቃም በራሷ ስፋት ያንኑ ያህል እጥፍ ርቃለች አልከኝ።

ይህን ለጫልቱ ላስተምራት ስል ቶሎሳ ሳቀብኝ። «እትዬ ስንዱ፣ ጨረቃ ትቆይ። መጀመሪያ ማማውን ሳይወጡ ይለኩልኝ። ልክ ከመጣ ትማር፤ ካልመጣ ውሃ ትቅዳ» አለኝ።

በትር አቆምን። በትሩን እኔ ለካሁት፤ ሦስት ክንድ። ጥላውን ጫልቱ ለካችው፤ ስምንት። የማማውን ጥላ እኔ፤ አርባ። በትሩ ለጥላው እንደሆነ ማማውም ለጥላው እንዲሁ ነው ብዬ ሳሰላ፣ ማማው አሥራ አምስት ክንድ ወጣልኝ። ቶሎሳ ከጫፉ ያወረደውን ገመድ በክንዴ ስለካው ግን ሃያ ነው።

«አምስቱን ክንድ ጨረቃ ወሰደችው እንዴ፣ እትዬ?» አለኝ። ጫልቱ እንስራዋን አንስታ ተከተለችው።

ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ማባዛቱም ማካፈሉም ልክ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የጫልቱ ክንድ ትዝ አለኝ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ክንድ። በትሩን በእኔ፣ ጥላውን በእሷ ለክተን ኖሯል። የማንም ክንድ ይሁን፣ አንድ ክንድ መሆን ነበረበት። ቶሎሳ ደጅ ሄጄ አንድ ጠዋት ጨምርልኝ አልኩት፤ እሺ እስኪለኝም ከደጁ አልተነቃነቅሁም።

በማግስቱ ጠዋት፣ በዚያው ሰዓት፣ ሁሉንም በራሴ ክንድ ለካሁ። የበትሩ ጥላ ስድስት ሆነ፤ ማማውም ሃያ። ቶሎሳ ገመዱን ጠቅልሎ እንስራውን ራሱ ተሸክሞ ሄደ።

በላቸው፣ እኔ ባልፍም እነዚህ ልጆች ያስታውሱሃል፤ ለዚህ ቃል እገባልሃለሁ። ጨረቃ በምዕራብ ገና አልገባችም ነበር። የኮትህን ቁልፍ በጣቢያው አጥር ላይ ሰክቼ ጫልቱን ጨረቃ እስክትጋረድባት ወደ ኋላ አስኬድኳት። ከቁልፉ እስከ ዓይኗ ክር ወጠርኩ። ክሩን መሬት ላይ ዘርግተን፣ ቁልፉን ለእሷ ሰጠኋትና በክሩ ርዝመት ስንት ቁልፍ እንደሚገባ እያጋደመች መቁጠር ጀመረች።