የድንቡሼ አንገት

ውድ ልጄ፣

ቀድሜ ዋናውን ልንገርህ፤ የልጅህ የድንቡሼ አንገት ደህና ነው። ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም። በል አሁን ከቆምክበት ተቀመጥና ተንፍስ፣ ቀሪውን ተረጋግተህ ታነበዋለህ። ሚስትህ ከትናንት ጀምራ ብትደውል ብትደውል አላገኘችህም። እናንተ ድልድይ የምትሠሩበት ቦታ ስልክ የሚሠራው ኮረብታ ለወጣ ሰው ብቻ ነው አሉ። ስለዚህ ይህን ለሲሚንቶ መኪናው ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። "ለልጄ ሳታደርስ ምሳ እንዳትበላ" ብዬዋለሁ፤ ሆዱን ስለሚወድ በጊዜ ይደርስሃል።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤቱ ሌላ ቤት ሆኖ ነበር። ሐኪሟ ያለችንን ታስታውሳለህ፤ እንደ ድንቡሼ አጥንታቸው አጥሮ የሚያድግ ሕፃናት ጭንቅላታቸው ከአንገታቸው የሚገናኝበት ቀዳዳ አንዳንዴ ይጠብባቸዋል፣ ሲብስም እንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስትህ መተኛት ተወች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን ለልጅቷ አፍንጫ ሰጥታ ነው የምታነጋው። ልተካሽ ስላት "አባባ፣ የእርስዎ ጆሮ ደክሟል" ትለኛለች። ደክሟል እንጂ፤ ግን የሚደክመው እናትህ ስትጠራኝ ነው።

የዚህን የአጥንት ማጠር ስም እስካሁን በአንድ ትንፋሽ ጠርቼው አላውቅም። አኮንድሮፕላዚያ። ስሙ ከልጅቷ ይረዝማል። ለሐኪሟ ይህንኑ ብነግራት ሳቋን በወረቀት ሸፈነችው።

በዚህ መሃል ከሚስትህ ጋር ተጣላን። ከእሷ ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ድንቡሼ ሆስፒታል አንገቷን ፎቶ ለምትነሣበት ቀን ቀሚስ ልስፋላት ብዬ ተነሣሁ። መቼም የልጅ ልብስ ስሰፋ እጅጌውና ታችኛው ጠርዝ ላይ ለማደጊያ የሚሆን ትርፍ ጨርቅ አጥፌ እንደምሰፋ ታውቃለህ። ልጁ ሲመዘዝ መተርተር ነው። አንተ እንኳ አንዱን ሱሪ ለብሰህ ለብሰህ፣ እናትህ ሰርቃህ ነው የጣለችው። ለድንቡሼ ግን ትርፉን ተውኩት። እጥፋቱን አይታ ሚስትህ ሆድ እንዳይብሳት ብዬ በልኳ ቆረጥኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ።

ሚስትህ ቀሚሱን ተቀበለችና ገልብጣ አየችው።

"አባባ፣ ማደጊያው የታለ?"

"ጨርቁ አነሰኝ" አልኳት።

"እርስዎን ጨርቅ አንሶዎት አያውቅም። ልጄ እኮ ታድጋለች። ቀስ ብላ፣ እንደ ራሷ ሆና ታድጋለች። ይህን ይተዉትና የልጅ ልብስ ይስፉልኝ።"

ስንት ደንበኛ ሲቆጣኝ የኖርኩ ሰው፣ እንዲህ አንገቴን የደፋሁበት ቀን የለም። ሌላ ጨርቅ ቆረጥኩ። በእልህ እጥፋቱን አብዝቼው ኖሮ ቀሚሱ ከድንቡሼ ጋር ሌላ ሕፃን ይይዛል። "አሁን ደግሞ አበዙት" አለችኝ። ቢሆንም ተቀብላኝ ለብሳ ሄደች፤ ድንቡሼን ማለቴ ነው።

እናትህም ከተግሣጽ አላመለጠችም። ሐኪሟ የድንቡሼ ጀርባ እስኪጠነክር አታስቀምጧት ብላ እያለ፣ ልጅቷን በትራስ ደግፋ ልታስቀምጣት ስትል ተያዘች። "ልጆቼን ሁሉ በትራስ ነው ያሳደግኩ፣ በዚህ ቤት የማን ጀርባ ጎበጠ?" ስትል ሚስትህ ወደ እኔ ዞረች። የእኔ እኮ በስፌት መኪና ነው የጎበጠው።

ትናንት እንግዲህ ድንቡሼን በመድኃኒት አስተኝተው ወደ ፎቶ ማንሻው ክፍል አስገቧት። እኛ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ሚስትህ ባዶውን ቀሚስ ጭኗ ላይ አድርጋ ደጋግማ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች። ቀብር ላይ እንኳ ቀልድ የማይጠፋኝ ሰውዬ ከፊት ለፊቴ ያለው ግድግዳ ላይ አፈጠጥኩ። ቀለሙን የቀባው ማን እንደሆነ አላውቅም እንጂ፣ የብሩሹን መንገድ አንድ በአንድ ሸምድጄዋለሁ።

በኋላ ሐኪሟ ጠራችንና ፎቶውን አሳየችን። "ቀዳዳው ጠበብ ይላል፤ ነገር ግን በውስጡ የሚያልፈውን ሕብለ ሰረሰሯን አልተጫነውም። ባለፈው ተኝታ የለካነው ትንፋሿም ጥሩ ነው። ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም፣ እያመጣችኋት እንከታተላታለን" አለች።

"እስኪ እንደገና ይንገሩኝ" አለች ሚስትህ።

ነገረቻት።

"አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ፣ ቀስ ብለው።"

ደገመችላት። እኔም "ዶክተር፣ ሌላ በሽተኛ ይጠብቅዎታል፤ የቀረውን መንገድ ለመንገድ እኔ እነግራታለሁ" አልኩ። ያኔ ሁለቱም ሳቁ። ሚስትህ እየሳቀች አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ መነጽሬ ነው ያስቸገረኝ።

ሁሉ ነገር አለቀ አልልህም። ጆሮዋም ጀርባዋም ገና ክትትል አለው። አጭር ትሆናለች። እናትህ እኔ አጭር መሆኔን ያወቀችው ከተጋባን በኋላ ከወንበር ስነሣ ነው ትላለች፤ ይኸው አልተመለሰችም። አንተ ግን አንገቷን እጎዳለሁ ብለህ ሳታቅፋት እንደሄድክ አይቻለሁ። ሐኪሟ እንዴት እንደምትያዝ አሳይታኛለች። ፈቃድህን ጠይቅና ና፣ አስተምርሃለሁ። እስክትመጣ ድረስ እቅፏን ይዤልሃለሁ፤ ከቆየህ ግን ለእኔ ይሆናል።

ቤት እንደገባን ሚስትህ "እስኪ ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ" ብላ ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም አለች። ድንቡሼን ተቀብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ማንኮራፋት ሰማሁ። ሐኪሟ ልጅቷ ካንኮራፋች ንገሩኝ ስላለችን ደነገጥኩ። ጎንበስ ብዬ ባያት ድንቡሼ አፏን ገጥማ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። ወደ አልጋው ዞርኩ። ሚስትህ ናት፤ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ። እኔና ልጅህ ተያየንና በሩን ቀስ አድርገን ዘግተን ወጣን።

እንደነገርኩህ እንዳትነግራት።

ልጅህን በአንድ እጁ አቅፎ የጻፈልህ፣
አባትህ