ሀውራን በበግ አልለወጥሁም

ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፯ ዓ.ም.
ሐይቅ

ስለ ውጭ አገር ሰዎች ፍርድ የተጻፈውን ውል ለሚመረምረው ጉባኤ
ለክቡር ሰብሳቢው
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በአገራችን ዳኛ ፊት ያልቆመው መኮንን፣ አዲሱ ውል ከመፈረሙ በፊት ስለ ልጄ ሞት እንዲጠየቅልኝ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

ለልጄ ለሀውራ ሙሐመድሁሴን ሞት ኃላፊ የማደርገው ካፒቴን ዶርን የሚባለውን የወዳጅ መንግሥት መኮንን ነው። ስሙን የጻፍሁት በጆሮዬ እንደ ሰማሁት ነው። ፊደሉ ቢሳሳት ሰውዬው አይሳሳትም፤ ደሴ ካለው ሰፈራቸው ቀይ ጢም ያለው ረጅም ሰው እሱ ብቻ ነው።

እኔ አመልካቿ ራዚያ ሀሚዱ እባላለሁ። ዕድሜዬ ከሃምሳ አምስት አልፏል። የሀውራ አባት በ፳፰ ዓ.ም. ወደ ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ልጄና እኔ ከሐይቁ ዳር ፊላ እያጨድን፣ ምንጣፍ እየሠራን ስንሸጥ ኖርን። የሆነውን እንደሚከተለው አመለክታለሁ።

፩. ያለፈው ዓመት ኅዳር ወደ ሰሜን የሚሄደው ጦር በካሚዮን በደጃችን ሲያልፍ ሰነበተ። በዚያው ወር በሃያኛው ቀን ጧት ሀውራ ማጭዷን ይዛ ወደ ፊላው ወረደች። ተኩስ ሰማን፤ ጦር የሚያልፍበት ጊዜ ስለ ነበረ ማንም ልብ አላለውም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ልጄ ቀረችብኝ ብዬ ሄድሁ። ጎኗን በእርሳስ ተመትታ በፊላው ውስጥ በደረቷ ተደፍታ አገኘኋት። ሰውነቷ ገና ይሞቅ ነበር። ክቡርነትዎ ይህችን ቃል እንዲይዙልኝ እለምናለሁ፤ ይሞቅ ነበር።

፪. ገዳዩ ስላልታወቀ ጭቃ ሹሙ አውጫጭኝ ጠራ። እስላሙም ክርስቲያኑም ሥራውን ፈትቶ ሜዳ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ተከለከለ። የአራስ ባል እንኳ አልተለቀቀም። በሦስተኛው ቀን፣ ያን ዕለት ማዶ ፊላ ሲያጭድ የነበረ ሀሚድ የሚባል የመንደራችን ሰው ፍርሃቱን ውጦ ያየውን ተናገረ። መኮንኑ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ይዞ በውሃ ወፎች ላይ ይተኩስ ነበር። ወፎቹ ከፊላው ሲነሡ ዝቅ አድርጎ ተኮሰ፤ የሰው ጩኸት ተሰማ። መኮንኑ እስከ ፊላው ጫፍ ሄደ፤ ወደ ታች አየ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። ጥቂት ቆሞ ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀና ወደ ካሚዮኑ ሄደ። ሀሚድ ከቦታው ያነሣውን የጥይት ቀለህ አምጥቶ በሕዝብ ፊት አስቀመጠ። የአገሬ ሰው በለቅሶም ቀልድ አያጣምና “ወፍ ሊገድል የመጣውን ወፍ አወጣችው” አሉ። በአውጫጭኝ ምስጢሩን የሚያወጣውን ሰው ወፍ እንለዋለን። እኔ አልሳቅሁም፤ የሳቁትን ግን አልከፋሁባቸውም፤ ሦስት ቀን ለልጄ ሲሉ መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

፫. ጭቃ ሹሙ የተገኘውን ጽፎ ወደ ደሴ ላከ። በሰባተኛው ቀን፣ የሀውራን ሰደቃ ባወጣንበት ዕለት፣ ካፒቴኑ አቶ አምሳሉ ከሚባል አስተርጓሚ ጋር መጣ። አንድ ነጭ ሙክት አስጎትቶ ከደጄ ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ። ሀሚድ ከጎኔ ሆኖ “እቴ ራዚያ፣ ያን ቀን እንዲሁ ነው የቆመው” አለኝ።

በእኛ አገር በግ ይዞ ከሟች ደጅ የቆመ ሰው ደሙን አምኗል ማለት ነው። ያመነን ሰው መግደል ነውር ነው። ወንድሜ ጠመንጃውን አጉርሶ ከጓሮ ተቀምጦ ነበር። ደም የሚያደርቁልን፣ ገዳይን ከሟች ወገን የሚያስታርቁልን ሽማግሌ ሼህ ማህዲ ጠርተው “ጥይቱን አውጣ፤ ሰውየው አምኖ መጥቷል” አሉት። አውጥቶ በእጃቸው ላይ ቆጠረላቸው። በጉ ታረደ። ሼህ ማህዲ ዱዓ አደረጉ፤ ሁላችንም አሚን አልን። እኔም አሚን አልሁ።

ይህ በግ ዕርቅ እንዳልሆነ ለክቡርነትዎ ማስረዳት አለብኝ። በጉ የበር ማንኳኪያ ነው። ዕርቁ ከዚያ በኋላ፣ ገዳዩ ተመልሶ መጥቶ፣ በሽማግሌ ፊት እንዴት እንደ ገደለ ከአፉ ሲናገርና የሟች ወገን የሚጠይቀውን ሲመልስ ነው። ቀኑ ተቆረጠ፤ አቶ አምሳሉም ተረጎመለት፤ ካፒቴኑ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። በተቆረጠው ቀን ሽማግሌዎቹ እስከ ዐሥር ሰዓት ጠበቁት። አልመጣም።

፬. ከዚህ በኋላ ውጫሌ ድረስ በእግሬ ሄጄ ለዳኛው አመለከትሁ። ዳኛው የአውጫጭኙን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ቀለሁን በእጃቸው አገላበጡ። ከዚያ “እናቴ፣ ይህ ሰው በእኔ ችሎት አይቆምም። ከመንግሥቱ ጋር ውል አለ፤ የሚዳኘው የራሱ ጦር ነው” አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲናገሩ ዓይኔን ማየት አልቻሉም። አዲስ የፍርድ አዋጅ ወጣ ተብሎ በሐይቅ ገበያ ነጋሪት ሲጎሰም ሰምቼ ነበርና “አዋጁስ?” አልኋቸው። “አዋጁ ለእኛ ነው” አሉኝ።

ውጫሌ ውል የተፈረመበት አገር ነው። አያቶቻችን ወረቀት ሁለት ፊት እንዳለው ሲነግሩን አድገናል። እየተነገረንም በሌላ ወረቀት ተያዝን።

፭. ዳኛው ስለ እኔ ለጦሩ ችሎት ጻፉልኝ። ያ ችሎት መቼ እንደ ተቀመጠ፣ የት እንደ ተቀመጠ የነገረኝ የለም። ሀሚድ አልተጠራም። እኔ አልተጠራሁም። በሚያዝያ ከአማርኛ ትርጉሙ ጋር መልስ መጣ።

መልሱን በመጀመሪያ የዳኛው ጸሐፊ አነበበልኝ። እኔ የማየው ጣቱን ነበር። ጣቱ ፊደሉን እየተከተለ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ተነሣ፤ አልፎ ሄዶ ዐረፈ። ሐይቅ ተመልሼ የወንድሜን አማች አስነበብሁት። የእሱም ጣት እዚያው ቦታ ላይ ተነሣ። በመጨረሻ የእስጢፋኖሱን መሪጌታ ኃይለ መስቀልን ከገዳሙ በር አስጠራኋቸው። እሳቸው ሐሰት አይችሉምና እዚያው ቦታ ሲደርሱ ንባቡን አቆሙ፤ ሳል የያዛቸው መሰሉ። “መሪጌታ፣ የዘለሉትን ያንብቡልኝ” ብላቸው “ራዚያ፣ ይቅርብሽ፤ የሚጠቅምሽ አይደለም” አሉኝ። “እንግዲያው ያስተምሩኝ” አልኋቸው።

ሴት ከማታልፍበት በር ወዲህ ድንጋይ ላይ እየተቀመጥሁ ከግንቦት እስከ መስከረም ፊደል ቆጠርሁ። እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ከበሩ ወዲያ ይቆማሉ። በክረምቱ ዝናብ የእንጀራ ሙሴብ ክዳን ደፍቼ ተቀመጥሁ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች “ራዚያ፣ ቅስና ልትቀበዪ ነው?” እያሉ ዘበቱብኝ። እስላሟን አሮጊት ፊደል ያስቆጠሯት መሪጌታም ከባልንጀሮቻቸው ያላነሰ ዘለፋ ሰሙ። ከመስቀል በኋላ ያቺን የተዘለለች መስመር በራሴ ዓይን አነበብኋት። ቃሏ ይህ ነው፦

“የሟች እናት በአገሩ ልማድ መሠረት በግ ተቀብላ፣ አሳርዳ፣ ከዘመዶቿ ጋር በልታ ነገሩን በዕርቅ የጨረሰች ስለ ሆነ ሌላ ፍርድ አያስፈልግም።”

፮. እውነት ነው፣ በልቻለሁ። አልዋሽም። ሼህ ማህዲ በእጃቸው “ወንድምሽ ደም እንዳያፈስ ብለሽ ቅመሺ” ብለው አንድ ጊዜ አጎረሱኝ። ያቺን ጉርሻ ቆጥሮ ለዚያ ችሎት የነገረው ማን እንደ ሆነ አቶ አምሳሉ ያውቃል፤ ከእኛ ጋር ገበታ ላይ የነበረ የእነሱ ሰው እሱ ብቻ ነው።

የሚቃጥለኝ ግን ይህ ነው። ልማዳችን ካፒቴኑን ሊይዘው ሲል፣ እሱ በአገሩ ሕግ እንጂ በእኛ አይዳኝም ተባለ። ያው ልማዳችን ነጻ ሊያወጣው ሲል ግን ከደጄ ተነሥቶ፣ ደሴ ወጥቶ፣ በባዕድ ችሎት ገብቶ ምስክር ሆነ። በጉ ያለ ውል ድንበር ተሻገረ። ሀሚድ ግን መሻገር አልቻለም። ልማዳችን ሕግ ከሆነ ግማሹን ብቻ ለምን ወሰዱት? ቀን ቆርጦ የቀረውስ ሰው በዚያው ልማድ ምን ይባላል?

፯. አሁን የምጽፍበት ምክንያት መሪጌታ ኃይለ መስቀል ያመጡልኝን ጋዜጣ ራሴ አንብቤ ነው። ከዚያ መንግሥት ጋር ያለው ውል ሊታደስ ንግግር መያዙን፣ የውጭ አገር ሰዎችም በኢትዮጵያ ዳኛ ፊት እንዲቆሙ መንግሥታችን መጠየቁን አየሁ። ደስ ብሎኝ ወደ ውጫሌ ሄድሁ። ዳኛው “እንዲህ ያለ ውል የሚጸናው ከተፈረመበት ቀን ወዲህ ነው፤ ያለፈው ባለፈው ይቀራል” አሉኝ። ካፒቴኑም በጥር ወደ አገሩ እንደሚመለስ ከሰፈሩ ሠራተኞች ሰምተናል። እንግዲህ ውሉ ያልፈኛል፤ ሰውየውም በሁለት ወር ውስጥ ያመልጠኛል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ የሚከተለውን እንዲፈጽሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በመጀመሪያ፣ ከዚያ መንግሥት መልእክተኞች ጋር ሲነጋገሩ፣ በአሮጌው ውል ምክንያት በአገራችን ዳኛ ፊት ሳይታይ የቀረ የሰው ደም በአዲሱ ውል እንዲታይ አንድ መስመር ያስገቡልኝ። ብዙ አልጠይቅም። አንድ መስመር ምን ያህል እንደሚችል እኔ አውቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ካፒቴኑ ከአገር ሳይወጣ ውጫሌ ባለው ችሎት ቆሞ አንድ ጥያቄ እንዲጠየቅልኝ ነው። አንገቱን አልጠይቅም። የደም ካሳ ጉማም አልፈልግም፤ በወርቅ ቢመዝነኝም አልቀበልም። የምጠይቀው ይህን ነው፤ ባርኔጣህን ስታወልቅ ልጄ ትተነፍስ ነበርን? ሞታ ከነበረ ለሞተ ሰው ባርኔጣ አወለቀ፤ እግዜር ይስጠው። ትተነፍስ ከነበረ ግን በሕይወት ሳለች ግማሽ ቀን በፊላው ውስጥ ጥሎብኝ ሄደ ማለት ነው። ካሚዮን ነበረው። ሐኪም ያለው ደሴ ነው፤ የሚመለሰውም ወደ ደሴ ነበር። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ሀሚድ ማዶ ነበር፤ እኔ የደረስሁት እኩለ ቀን ነው።

ሦስተኛ፣ “በዕርቅ የጨረሰች” የሚለው ቃል ከመዝገቡ ይሰረዝልኝ። ለዚሁም የበጉን ቆዳ ከዚህ ማመልከቻ ጋር ልኬአለሁ። አልተኛሁበትም፣ አልሰገድሁበትም፤ ጨው ነስንሼ ያስቀመጥሁት ነው። ተቀበለች ስላሉኝ መመለሴ ነው። ለመልእክተኞቻቸው ይሰጥልኝ። ቀለሁ ግን በሀሚድ እጅ ይቆያል፤ ዳኛ ሲጠይቀው ያቀርባል።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በዚህ አገር ደም ሲደርቅ አሚን ከሚሉት እናቶች አንዷ ነኝ። ልጇን የቀበረች ሴት አሚን ያላለችበት ዱዓ አይጸናም ይባላልና፣ ከሀውራ ወዲህ በሰው ደም ሦስት ጊዜ ጠርተውኝ ሦስቱንም ጊዜ ሄጃለሁ። ባለፈው ሳምንት ሼህ ማህዲ ለአራተኛ ጊዜ ላኩብኝ። በር ላይ በግ ታስሯል፤ ገዳዩ አምኖ ቆሟል፤ ነይ አሉኝ። ከቤቴ አልወጣሁም። ይህን ማመልከቻ ስጽፍ ነበር። ደግመው ሲልኩብኝ የላክሁትን መልስ ለክቡርነትዎም አስታውቃለሁ፤ ካፒቴን ዶርን ቆሞ እስኪመልስልኝ ድረስ ከእንግዲህ በማንም ደም ላይ አሚን አልልም።

ለክቡርነትዎ የሚገባውን ሰላምታ ከሐይቅ ዳር እያቀረብሁ፣

ራዚያ ሀሚዱ
የሀውራ እናት
(በራሴ እጅ የጻፍሁት)

ከዚህ ጋር የተላከ፦ የጦሩ ችሎት መልስ ግልባጭ አንድ ገጽ፤ የበግ ቆዳ አንድ