በቁምሽ የታጠቅሁልሽ የሐዘን ሰሌን

ቫቫኡ ደሴት፣ ሰኞ፣ የጰራቅሊጦስ ማግስት

ለምወድሽ ልጄ ለቴሌሲያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ቦዬው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። አባትሽ ጉልበቴን እያለ ያቃስታል፤ ካቫ ሊጠጣ ሲጠሩት ግን እንደ ጎረምሳ ብድግ ይላል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በሚመጣው ወር እዚያው ፊጂ የመጨረሻውን የምንኩስና ቃል ኪዳን እንደምትገቢ ጽፈሽ፣ እኔም መጥቼ እንድመርቅሽ ለምነሻል። መልስ ያዘገየሁት ፖስታው ጠፍቶ እንዳይመስልሽ። ቀንቼ ነው። እመምኔቷን «እናታችን እንዲህ አለች፣ እናታችን እንዲህ መከረች» እያልሽ ገጹን ሞልተሽዋል። ያቺ ሴት አንቺን አምጣ ወልዳለች? ኩፍኝ ሲያንገበግብሽ ጀርባዋ ላይ ተለጥፈሽ ከርመሻል? እናት መባል እንዲህ በርካሽ ይገኛል እንዴ!

በእሷ ብቻ ቀንቼ ብቀር ደግ ነበር። በእግዚአብሔርም ቀንቻለሁ። ዓለም በሙሉ የእሱ ሆኖ ሳለ የእኔን አንድ ፍሬ ምን ያደርግለታል? ይህንኑ ለአባ ነገርኳቸው። «ሴኒ፣ አብርሃምም እኮ የወደደው አንድ ልጁን ነው ያቀረበው» አሉኝ። «አባ፣ ለአብርሃም መልሶለታል» አልኳቸው።

ጎረቤታችን ሉፔ ደግሞ የልጅ ልጇን ታቅፋ ቅዳሴ ላይ የምትቀመጠው ከፊቴ ነው፤ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል። ሕፃኑ በትከሻዋ በኩል እያየ ይስቅልኛል። እኔ መቁጠሪያዬን ይዤ ሰላም ለኪ እላለሁ፣ ዓይኔ ጉንጩ ላይ ነው። ነፍሴ አሜን ስትል ሥጋዬ «ለእኔስ?» ይላል። ሁለቱን የምታስታርቂበት መላ እዚያ ካስተማሩሽ ላኪልኝ።

አሁን ከሌላ ሰው ሳትሰሚው የትናንቱን ልንገርሽ። አባ በበዓሉ ስምሽን ጠርተው ምእመኑን እንደሚያስጸልዩልሽ አውቄ ነበር። ሰው ሁሉ ለበዓል የሚሆነውን ያማረ ሰሌን ወገቡ ላይ ታጥቆ ሲመጣ፣ እኔ እናቴ የሞተች ጊዜ የታጠቅሁትን፣ ዳር ዳሩ የተበጣጠሰውን የሐዘን ሰሌን ከሣጥን አውጥቼ በጥቁር ልብስ ላይ ታጠቅሁት። አባትሽ ደጃፍ ላይ አየኝና «አንቺ ሴትዮ፣ ጤናም የለሽ?» አለኝ። ልጄን ቀብሬ ልመለስ ነው አልኩት።

ቅዳሴው ላይ ሰው ሁሉ ሰረቅ እያደረገ ሲያየኝ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። እግዚአብሔርም እንዲያይልኝ ነበር የታጠቅሁት።

ያላሰብኩት የአባትሽን ታላቅ እህት የካሎላይኔን መምጣት ነው። ከሃአፓይ ደሴት ጀልባ ወርዳ በቀጥታ ስትመጣ ቅዳሴው አልቆ በሩ ላይ ተገናኘን። ሰሌኑን አየችው። ማን ሞተ ብላ እንኳ አልጠየቀችም፤ ከቤታችን ርቆ የሄደ ካንቺ ሌላ ማን አለ? ሻንጣዋን ጥላ መሬት ላይ ዘፍ አለችና «ቴሌሲያዬ፣ እኔ አሮጊቷ እያለሁ» ብላ ሙሾ አወረደች። ታውቂያለሽ፣ የአባት እህት ስታለቅስ ደፍሮ የሚያስቆማት የለም። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ስምሽን በለቅሶ ዜማ ሰማሁት። ለካ እንዲህ ነው የሚሰማው። ለካ እኔ ሳላውቀው ልጄ ላይ ስጫወት ነው የከረምኩት። ሰሌኑን ከወገቤ ፈትቼ መጣል አቃተኝ፤ የታሰረበትን ገመድ በጠስኩት።

«ልጄ አልሞተችም!» አልኩ። «በሕይወት አለች። የእግዚአብሔር ናት።»

ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ካሎላይኔ እንባዋን ጠርጋ ተነሳችና በሰው ፊት በጥፊ አጮለችኝ። ይገባኛል። ከዚያ አቅፋኝ እሪ ብላ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ሉፔ እንኳ አለቀሰች። ስትጨርስ ካሎላይኔ «በይ፣ መቼ ነው የምንሄደው?» አለችኝ።

ስለዚህ ሦስታችንም እንመጣለን። ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ብትይኝ፣ አልለቀቀኝም። ውሸት ይዤ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። ለእመምኔትሽ ግን ከወዲሁ ንገሪያት፤ በዚያን ዕለት እጅሽን ይዤ እስከ መሠዊያው የማደርስሽ እኔ ነኝ። እንዳትቀድመኝ። እዚያ ስንደርስ እለቅሻለሁ። ቶሎ ባልለቅሽ ጌታ ይታገሠኝ፤ የእሱም እናት ልጇን ሰጥታ ታውቀዋለችና እሷ ታስረዳልኝ።

የጠራሽ አይተውሽ። የገባሽበት ቤት ይሙቅሽ፤ የሚያስቅሽ ጓደኛ አያሳጣሽ። ስትጸልዪ ከሰው ሁሉ በፊት አባትሽንና እኔን ጥሪን፤ ይህን ያህል አድልዎ ኃጢአት አይሆንብሽም።

ካንቺ በቀር ማንም እማዬ ብሎ የማይጠራት፣
እናትሽ ሴኒ